ወለል የሌለው ደመወዝ፦ የሠራተኞች ክፍያ በኢትዮጵያ ዘርፎችና አካባቢዎች

በኢትዮጵያ አንድ ሠራተኛ በወር የሚያገኘው ገንዘብ በትምህርቱና በሥራ ልምዱ እንደሚወሰን ዘወትር ቢነገርም፣ የክፍያውን መጠን ከዚህ ባልተናነሰ የሚወስኑት የቀጣሪው ማንነት፣ የሥራ ቦታው እና ክፍያው ከዚህ በታች አይወርድም የሚል የሕግ ወለል መኖር አለመኖሩ ናቸው። ይህ ወለል በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አለ፤ በግሉ ዘርፍ ግን የለም።

የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ የሚመራው በስኬል ነው፤ ይኸውም እያንዳንዱ የሥራ መደብ ተመዝኖ ደረጃ የሚያገኝበት፣ በየደረጃውም ሠራተኛው በአገልግሎቱ የሚወጣባቸው እርከኖች ያሉበት ሠንጠረዥ ነው። በ2017 ዓ.ም. የተደረገው ማሻሻያ ዝቅተኛውን ደመወዝ ከ1,100 ወደ 4,760 ብር ሲያሳድግ፣ ከፍተኛውን ግን ከ20,468 ወደ 21,492 ብር ብቻ ከፍ በማድረጉ፣ ከ18 እጥፍ በላይ የነበረው ልዩነት ወደ አራት ተኩል እጥፍ ገደማ ወረደ። ለጽዳትና ለጥበቃ ሠራተኞች ይህ የዘገየ ፍትሕ ነበር። ይሁን እንጂ ማሻሻያው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የመጣውን የኑሮ ውድነት በከፍተኛ ደረጃዎች ያለው ባለሙያ ከሞላ ጎደል በቀድሞ ደመወዙ እንዲሸከም ስላደረገው፣ በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከማቆም የደረሱበት የክፍያ ጥያቄ ያለ ምክንያት የተነሣ አልነበረም። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ዝቅተኛው 6,000፣ ከፍተኛው 39,000 ብር ሲሆን፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ ሠራተኛ ደመወዝም ከ6,940 ወደ 11,500 ብር አድጓል።

ከዚህ ያልተጣራ ደመወዝ ላይ በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ መሠረት 2,100 ብር ግብር፣ 7 በመቶ በሆነው የጡረታ መዋጮ ደግሞ 805 ብር ሲቀነስ፣ ሠራተኛው እጅ የሚገባው 8,595 ብር ነው። ስኬሉ አንድ ስለሆነ በአዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ የሚኖረውም፣ በአንዲት የወረዳ ከተማ የሚሠራውም በዚሁ ይጀምራል። በቆላማ አካባቢዎች የሚሠሩ ሠራተኞች የሙቀቱንና የአካባቢውን አስቸጋሪነት የሚክስ የበረሃ አበል ሲከፈላቸው፣ የትልልቅ ከተሞችን የቤት ኪራይ ለሁሉም የመንግሥት ሠራተኛ በአንድ ሥርዓት የሚክስ አበል ግን የለም። መንግሥት ቦታ በኑሮ ላይ የሚያስከትለውን ጫና በሙቀት በኩል ተቀብሎ በኪራይ በኩል አለመቀበሉ ወጥነት የጎደለው አሠራር ነው።

በዘርፎች መካከል ያለው ልዩነትም ከደመወዙ ይልቅ በጥቅማጥቅሙ ይጎላል። በአንድ ክፍል የተማሩ ሁለት የሒሳብ አያያዝ ምሩቃን አንዱ በባንክ፣ ሌላው በመንግሥት ቢሮ ሲቀጠሩ፣ የባንኩ ሠራተኛ ከደመወዙ በተጨማሪ ዓመታዊ ቦነስ፣ የትራንስፖርት አበልና በዝቅተኛ ወለድ የሚሰጥ የቤት ብድር ያገኛል። ከእነዚህ መካከል ብድሩ የተለየ ክብደት አለው፤ ተቀጣሪውን ከኪራይ አውጥቶ የቤት ባለቤት ስለሚያደርገው ልዩነቱ ከወር ክፍያ አልፎ ወደ ሀብት ልዩነት ይሸጋገራል፤ ለልጆችም ይተርፋል።

ወለል አለመኖሩ የሚያስከትለው ጉዳት በግልጽ የታየው በልብስ ስፌት ኢንዱስትሪው ውስጥ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በአብዛኛው ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶችን ሲቀጥር፣ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር፣ በወቅቱ ምንዛሪ 750 ብር ገደማ፣ እንደነበር ገልጸዋል፤ በዚያው ጥናት የባንግላዴሽ 95፣ የኬንያ 207 ዶላር ነበር። በዚህ ደመወዝ ብቻዋን ቤት መከራየት የማትችለው ሠራተኛ አንድ ክፍል ከሌሎች ጋር እየተጋራች ለመኖር ተገደደች፤ ብዙዎችም ሥራውን ጥለው ሄዱ። ይህን ስንፍና ያሉት ነበሩ። ሆኖም ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን በአምስት የኢትዮጵያ ድርጅቶች አመልካቾችን በዕጣ መድበው ባካሄዱት ጥናት፣ የፋብሪካ ሥራ ረዘም ያለ የሥራ ሰዓት ቢሰጥም የሰዓት ክፍያው ከሌላው ሥራ ያነሰ በመሆኑ ገቢን እምብዛም እንዳላሳደገና አብዛኞቹ ተቀጣሪዎች ፈጥነው እንደለቀቁ ታይቷል። ሥራውን የለቀቁት ሠራተኞች ሒሳባቸውን በትክክል አስልተዋል።

ወለልን የሚያስቀምጥ አገር ዜጋውን ከድንበሩ ውጭም ሊጠብቅ እንደሚችል የቤት ሠራተኞች ጉዳይ ያሳያል። ፊሊፒንስ በውጭ አገር በቤት ሠራተኝነት ለሚቀጠሩ ዜጎቿ የ400 ዶላር ዝቅተኛ ደመወዝ ወስና ለዓመታት ስትደራደር፣ በሳዑዲ ዓረቢያ ለኢትዮጵያዊቷ የቤት ሠራተኛ የተለመደው ክፍያ 1,000 ሪያል፣ ማለትም 267 ዶላር ገደማ ነበር። ሁለቱ ሴቶች አንድ ዓይነት ቤት ቢያጸዱም ደመወዛቸውን የለየው ፓስፖርታቸው ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝን የሚያጠና፣ ከመንግሥት፣ ከአሠሪዎችና ከሠራተኛ ማኅበራት የተውጣጣ የደመወዝ ቦርድ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲቋቋም ቢደነግግም፣ የግሉን ዘርፍ የሚገዛ ወለል ሳይወሰን ዓመታት ተቆጥረዋል። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም ጥያቄውን ደጋግሞ አቅርቧል። ወለሉ ባለሀብትን ያሸሻል የሚለው ሥጋት ሊጠና የሚገባው ነው፤ ሆኖም ሠራተኛ የማይረጋበት ፋብሪካ አዲስ ገቢዎችን ሲያሠለጥን የሚያወጣው ወጪም አብሮ ሊሰላ ይገባል። አንድ አገር አቀፍ ቁጥር ለአዲስ አበባ አንሶ ለትናንሽ ከተሞች ይበዛል የሚለው መከራከሪያም መልስ አያጣም፤ ጎረቤት ኬንያ እንደ ናይሮቢና ሞምባሳ ባሉ ትልልቅ ከተሞች የሚሠሩ ሠራተኞችን ዝቅተኛ ደመወዝ ከሌሎች ከተሞችና ከገጠሩ ለይታ ትወስናለች። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሸማቾችን ዋጋ በየክልሉ ስለሚሰበስብ፣ ቦርዱ በአካባቢ የተለየ ወለል ለማስላት የሚነሣበት መረጃ አለው።