ያውቁ ኖሯል? ብስክሌቱ ከላይ፣ ባትሪው ከታች

60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ጢም ብሎ ሲሞላ፣ የያዘው ጉልበት ሰባት ሊትር ቤንዚን ውስጥ ካለው እንደሚያንስ ያውቁ ኖሯል? አንድ ሊትር ቤንዚን ወደ 8.9 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል፤ ማካፈሉን ለእርስዎ ልተወው። መኪናዋ በዚህች ስንቅ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ የምትሄደው ስለማታባክን ብቻ ነው። የአሜሪካ የኃይል ሚኒስቴር ስሌት እንደሚያሳየው የቤንዚን መኪና ከነዳጁ ጉልበት ጎማው ዘንድ የሚያደርሰው ከ12 እስከ 30 በመቶውን ሲሆን የኤሌክትሪኳ ከ77 በመቶ በላይ ታደርሳለች። ቆጣቢ ቤት ውስጥ የጎደለች ብር ቶሎ ትታወቃለች፤ ጣሪያ ላይ የወጣ ብስክሌትም እንዲሁ ነው። በቤንዚን መኪና ሳይታይ የሚያልፈው ወጪ እዚህ ስክሪኑ ላይ ቁጥር ሆኖ ይወጣል።

ጥፋተኛው ደግሞ ክብደቱ አይደለም። ሁለት ብስክሌት ቢበዛ አንድ ጎረምሳ ቢያክል ነው፤ መኪናዋ ራሷ ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ትመዝናለች። ወጪው የነፋስ ነው። ቴስላ ሞዴል 3 እ.ኤ.አ. በ2017 ሲወጣ ፋብሪካው ሲያንስ የሚሻለው የነፋስ መቋቋሚያ ቁጥሩ 0.23 ነው ብሎ ተመካ። መሐንዲሶች ለዚያች ቁጥር የበር እጀታ ሳይቀር ወደ ውስጥ ደብቀዋል። እኛ ደግሞ ቱቦ፣ ሽቦ፣ ፔዳልና መሪ ሰብስበን አናቷ ላይ እናቆማለን።

ፍጥነት ሲጨምር የነፋሱ ግፊት በእኩል እንደማይጨምር ያውቁ ኖሯል? በሰዓት ከ80 ወደ 120 ኪሎ ሜትር ሲያድጉ ፍጥነቱ የጨመረው በግማሽ ነው፤ የነፋሱ ግፊት ግን ሁለት እጥፍ ከሩብ ይሆናል። ብስክሌት ጭነው በአዲስ አበባ አዳማ የክፍያ መንገድ ላይ 120ን የሚነኩ ሰው ዋጋውን የሚከፍሉት በሩ ላይ ብቻ አይደለም።

ይኸው የአሜሪካ ሚኒስቴር ስለ ጣሪያ ጭነት ሳጥን ያወጣው ቁጥር አለ። ትልቅና ደፍጣጣ ሳጥን በከተማ ከ2 እስከ 8 በመቶ፣ በፈጣን መንገድ ከ6 እስከ 17 በመቶ፣ በሰዓት ከ105 እስከ 120 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ደግሞ ከ10 እስከ 25 በመቶ በአንድ ሊትር የሚኬደውን ርቀት ይቀንሳል። ከኋላ የተጫነ ሲሆን በከተማ 1 ወይም 2፣ በፈጣን መንገድ ከ1 እስከ 5 በመቶ ነው። ብስክሌት ሳጥን አይደለም፤ ከመኪናው ጀርባ ከለላ ውስጥ የገባ ጭነት ነፋስ እንደማያገኘው ግን ለሁለቱም እውነት ነው። ለእኔ ክርክሩ እዚህ ላይ አልቋል፦ የመጎተቻ መንጠቆ ካለ ከኋላ ይጫን።

አዲስ አበባ ላይ ግን አንድ ማስተሰረያ አለ። በ2,400 ሜትር ከፍታ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ሙቀቱ እኩል ቢሆን በባሕር ጠለል ካለው አንድ አራተኛ ያህል ይቀላል። ስለዚህ ያው ብስክሌት በያው ፍጥነት አንድ አራተኛ ያህል ያነሰ ነፋስ ይገጥመዋል። ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በዚህ ከፍታ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ጉዳዩ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስትከለክል በዓለም የመጀመሪያዋ አገር ተብላ ተዘግባለች። የደጋው አየር ለውሳኔው የራሱን ድጎማ እያደረገ ነው ማለት ይቻላል።

ከፍታው የሚሰጠውን ያህል የሚነሳውም አለ። በመምጠጫ ጎማ መስታወት ላይ የሚጣበቁ የብስክሌት መያዣዎችን ያውቋቸዋል? ቀዳዳ መብሳት፣ ብሎን ማጥበቅ የለም፤ በእጅ ፓምፕ ከጎማው ሥር ያለውን አየር ማውጣት ብቻ ነው። ብዙ ሰው ጎማው «ይመጥጣል» ብሎ ያስባል። የሚይዘው ግን ከውጭ የሚጫነው አየር ነው፤ ውጭ ያለው አየር ከሳሳ መያዣውም ይላላል። 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ ከሥሩ አየር ፈጽሞ ባይኖር በባሕር ጠለል ወደ 180 ኪሎ፣ አዲስ አበባ ላይ ግን ወደ 135 ኪሎ የሚሆን ጉልበት ነው ተጭኖ የሚይዘው። አምራቾች የሚፈቅዱት ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ስለሆነ ወዲያው ይወድቃል ማለት አይደለም። ሆኖም ቆላ ላይ አጥብቆ ሽቅብ ወደ ደጋ የሚነዳ ሰው፣ ምንም ሳይነካው መንገድ ላይ አንድ ነገር እየላላ እንደሚሄድ ይወቅ። በዚህ ላይ አቧራ ሲጨመር አየር ማስገባቱ አይቀርም። ለዚህ ሲባል አንዳንዶቹ ፓምፖች አየር ሲገባ ብቅ የሚል ባለቀለም መስመር ተደርጎላቸዋል፤ ሻይ ለመጠጣት በቆሙ ቁጥር ወረድ ብሎ ማየት ነው።

ወደ ጣሪያው እንመለስ። የኤሌክትሪክ መኪኖች መስታወት የሚወዱት ለውበት ብቻ እንዳልሆነ ያውቁ ኖሯል? ባትሪው ከወለሉ ሥር ተዘርግቶ ስለሚቀመጥ ወለሉን ከፍ ያደርገዋል። ከላይ ያለውን የብረት አግዳሚና የጨርቅ ሽፋን አንስቶ መስታወት ማድረግ ለተሳፋሪው ራስ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ይመልስለታል። በክብደት ግን አይቀልም፦ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ካሬ ሜትር መስታወት 12.5 ኪሎ ሲመዝን፣ 0.8 ሚሊ ሜትር ላሜራ በያው ስፋት ከ6 ኪሎ ብዙ አይበልጥም።

መስታወት ካነሳን አይቀር፣ ሁለት መስታወት መሐል ላስቲክ አጣብቆ ሲሰበር እንዳይበታተን ማድረግ የመጣው በአጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 የፈረንሳዊው ኤድዋር ቤኔዲክቱስ ብልቃጥ ወድቆ ተሰነጠቀ፤ ነገር ግን ስባሪው አልተበተነም። ውስጡ የደረቀ ኬሚካል እንደ ሽፋን ይዞት ነበር። በ1909 የፈጠራ መብት ወሰደበት። የመኪናዎ ፓራብሬዛ የዚያ ብልቃጥ ዘር ነው።

ታዲያ መስታወት ላይ ብስክሌት ይጫናል? መስታወቱ ላይ አይጫንም። በሞዴል 3 ላይ ፖርቶመጋላው የሚነክሰው ከመስታወቱ ዳር ሥር ያለውን የመኪናውን ብረት ነው፤ መስታወቱ ምንም አይሸከምም። ፋብሪካው የሚፈቅደው 68 ኪሎ ነው፣ ለሞዴል ዋይ ደግሞ 75 ኪሎ። ሲያሰሉ ራሱን ፖርቶመጋላውንም ይቁጠሩት። ሁለቱ አግዳሚዎች 6 ኪሎ፣ ሁለቱ የብስክሌት መያዣዎች እያንዳንዳቸው 8 ኪሎ ቢሆኑ 22 ኪሎ ሄደ፤ ለብስክሌቶቹ የሚቀረው 46 ኪሎ ነው። ለውድድር ብስክሌት ከበቂ በላይ ነው፤ የዓለም ብስክሌት ማኅበር የሚፈቅደው ዝቅተኛ ክብደት 6.8 ኪሎ ስለሆነ ቀለል ያሉት ከዚያች ቁጥር ብዙም አይርቁም። ባለ ባትሪ ብስክሌት ግን አንዱ ብቻውን 25 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። ሁለቱን ሲጭኑ ከልኩ አለፉ ማለት ነው። ባትሪያቸውን ነቅለው መኪና ውስጥ ቢያስገቡት ከእያንዳንዳቸው ሁለት ሦስት ኪሎ ይቀንሳል፤ ለወገብዎም ይሻላል።

የአሜሪካ ሕግ የቀላል መኪና ጣሪያ የመኪናውን ክብደት ሦስት እጥፍ እንዲችል ያዛል። ከአራት ቶን በላይ የሚችል ጣሪያ እንዴት 68 ኪሎ ብቻ ይፈቀድለታል? ፈተናው በቆመ መኪና ላይ በዝግታ የሚደረግ ግፊት ስለሆነ ነው። እየሄደ ያለ መኪና ላይ ያለ ጭነት ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት ይወረወራል፣ ጉድጓድ ሲገባ ይነሳል፣ ሲታጠፍ ይንጠለጠላል፤ ይህን ሁሉ የሚችሉት አራት ትናንሽ መንጠቆዎች ናቸው። ተራራ ላይ ጣሪያቸው ላይ ድንኳን ዘርግተው የሚተኙት ሰዎች ሚስጥርም ይኸው ነው፤ መኪናው ከቆመ ልኩ ሌላ ነው።

ጣሪያቸውን ጨርሶ የማያስነኩም አሉ። ቴስላ ሞዴል ኤክስ የኋላ በሮቹ ወደ ላይ ስለሚከፈቱ ፖርቶመጋላ አይወጣበትም፤ ለዚያ የኋላ መንጠቆ ተሰጥቶታል። ፎልክስዋገን አይዲ 3 ደግሞ ሲወጣ የጣሪያ ጭነትም ተጎታችም አልተፈቀደለትም ነበር፤ መንጠቆው የተሠራለት 75 ኪሎ ድረስ ለሚጭን የብስክሌት መያዣ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ በየመንገዱ የምናየው ታላቅ ወንድሙ አይዲ 4፣ አውሮፓ የሚሸጠው ዓይነት፣ ጣሪያው ላይ 75 ኪሎ ይፈቀድለታል።

ከኋላ መጫን ሁሉም ነገር አይደለም፣ አልዋሽም። የኋላ ካሜራው ብስክሌት ብቻ ያያል፤ መብራትና ታርጋ ይሸፈናል። በብዙ የአውሮፓ አገሮች መያዣው ላይ ሌላ ታርጋና መብራት ማሰር ግዴታ ነው። እንግሊዝ ውስጥ የተሸፈነ ታርጋ እስከ 1,000 ፓውንድ ያስቀጣል። የቴስላ ቻርጅ መሰኪያ የግራ የኋላ መብራቱ ጋ ስለሆነና የድሮዎቹ ቻርጀሮች ገመድ አጭር ስለሆነ፣ መኪናው ወደ ኋላ ተጠግቶ መቆም አለበት፤ ብስክሌቱ ግን ቀድሞ ከምሰሶው ጋር ይገናኛል።

በጣሪያ መጫኛዎች ስም ያተረፈው የስዊድኑ ኩባንያ ቱለ ሥራውን የጀመረው በዓሣ ማጥመጃ ነው። መሥራቹ ኤሪክ ቱሊን እ.ኤ.አ. በ1942 ለአገሩ ዓሣ አጥማጆች ወጥመድ እየሠራ ነበር።

ብስክሌትን የፊት ጎማውን ፈትቶ መጫን በሰኮንዶች ስለሚያልቅ ምስጋናው ለማን ነው? ለጣሊያናዊው ቱልዮ ካምፓኞሎ። እንደሚተረከው እ.ኤ.አ. በ1927 በውድድር ላይ በረዷማ ተራራ ሲወጣ ጣቱ በብርድ ደንዝዞ የጎማውን ብሎን መፍታት አቃተው፤ በ1930 በአንድ ማንሻ ብቻ የሚፈታውን ዘንግ አስመዘገበ።

ብስክሌት ጣሪያ ላይ መጫን ግዴታ የሆነበት ቦታ ግን አለ፦ የብስክሌት ውድድር። እዚያ ለነዳጅ የሚጨነቅ የለም፤ መካኒኩ በሰኮንዶች ውስጥ ማውረድ አለበት። ቢጫዎቹ የማቪክ ኩባንያ መኪኖች እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የማንም ቡድን ሳይሆኑ ለተቸገረ ሁሉ ብስክሌትና ጎማ ይሰጡ ነበር፤ በቱር ደ ፍራንስ ከ2021 ወዲህ ቦታውን የሺማኖ ሰማያዊ መኪኖች ይዘውታል። ጽጋቡ ግርማይ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ቱር ደ ፍራንስን በጋለበበት እ.ኤ.አ. በ2016፣ መሪው ክሪስ ፍሩም ሞንት ቫንቱ ላይ ብስክሌቱ ተሰብሮ በእግሩ ሮጠ። ከቢጫው መኪና ጣሪያ የወረደችለት ብስክሌት ለእርሱ የምትሆን አልነበረችም። ጣሪያ ላይ ያለ ብስክሌት ሁሉ የእርስዎ አይደለም።

በጥናት የተደገፈ አንድ ነገር ልጨምር። ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳሰሉት፣ በአሜሪካ መኪኖች አናት ላይ ያሉ ፖርቶመጋላዎች በዓመት ወደ 380 ሚሊዮን ሊትር ቤንዚን ያስወጣሉ። ከፍተኛ ቁጠባ ሊገኝ የሚችለው ደግሞ ምንም ሳይጫንባቸው ዓመቱን ሙሉ ከሚዞሩት ነው።

የመጨረሻው የሜትር ጉዳይ ነው። ሞዴል 3 ቁመቷ 1.44 ሜትር ነው፤ ብስክሌት ሲቆምባት ወደ ሁለት ሜትር ተኩል ትደርሳለች። የብዙ ሕንፃ ምድር ቤት መግቢያ ግን ከሁለት ሜትር ብዙም አይበልጥም። ባትሪው ሊያልቅ ሲል የሚፈለገው ቻርጀር ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያው ምድር ቤት ውስጥ ነው።