ባለሙያን ምን ያቆየዋል?

ከጅማ ከተማ ወጣ ብሎ መልኮ በተባለው ስፍራ የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ይገኛል። የአገራችን የቡና ምርምር ዋና ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ በኢትዮጵያ ሲታይ፣ እሸቱ ገና ሳይቀላ እየጠቆረ ይረግፍ ጀመር። ተመራማሪዎች በየቡና ጫካው እየዞሩ በሽታው ያልነካቸውን እናት ዛፎች ለይተው ዘር ወሰዱ፤ ችግኞቹንም ፈተኑ። 741፣ 74110፣ 74112 የተባሉት ዝርያዎች የተገኙት ከዚህ ልፋት ነው። «74» የተመረጡበት ዓመት ነው። በችግኙ ላይ ዓመትና ተራ ቁጥር እንጂ የደከመው ሰው ስም የለም።

እንዲህ ያለውን ባለሙያ በሥራው ላይ የሚያቆየው ምንድን ነው?

ደመወዝ መጀመሪያ ይምጣ፤ ይህን ለመናገር ማፈር የለብንም። የቤት ኪራይና የልጆች ወጪ እያስጨነቀው በእርጋታ የሚመራመር የለም። ነገር ግን ደመወዝ ብቻውን አያቆይም። የቡና ችግኝ ፍሬ ለመስጠት ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል፤ ምርቱም የብዙ ወቅት ክትትል ይሻል። ባለሙያው በመሐል ሲዛወር ወይም አለቃው በየዓመቱ ውጤት አምጣ ሲለው ልፋቱ መና ይቀራል። ጥናቱ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ሲያይ ግን ልቡ ከደመወዝ ማነስ ይልቅ ይሰበራል ባዮች ነን።

በ1999 እ.ኤ.አ. የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋሕደው የተመሠረተው የጅማ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ረገድ የሚጠቀስ ልማድ አለው። የሕክምና፣ የነርስና የላቦራቶሪ ተማሪዎችን በአንድ ቡድን አድርጎ እንደ አጋሮ፣ ሰርቦና አሰንዳቦ ወዳሉ ከተሞች ጤና ጣቢያ ይልካል። ሐኪሙ የነርሷን ሥራ፣ ነርሷም የላቦራቶሪውን እዚያው ያያሉ። ትምህርቱ ለማን እንደሚጠቅምም በዓይናቸው ያረጋግጣሉ።

በዩኒቨርሲቲ መምህርነት ከረዳት ምሩቅ እስከ ፕሮፌሰር ያለው መሰላል ግልጽ ነው፤ ምን ሠርቶ ወደ ላይ እንደሚወጣ መምህሩ ያውቃል። በየወረዳው ያለው የግብርና ባለሙያ ግን ይህን ያህል ግልጽ መንገድ ሁልጊዜ አይታየውም።

ወንድ ልጃችንም ሆነ ሴት ልጃችን ሥራ ሲይዙ በመጀመሪያ የምንጠይቀው «ስንት ይከፈላችኋል?» ብለን ነው። መጠየቁ አይከፋም። ለቀጣሪው ደግሞ እነሱ ራሳቸው አንድ ጥያቄ ያቅርቡለት፦ «ከእኔ በፊት በዚህ ወንበር ላይ የነበረው ሰው ዛሬ የት ደርሷል?»