የእጅጌው ቋጠሮ

ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2005 ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ሲጨርስ፣ ከራሱ የቀድሞ ክብረ ወሰን ላይ የቀነሰው 2.78 ሰከንድ ብቻ ነበር። ያን ቀን በደስታ የጨፈርነው የ2.78 ሰከንድን ዋጋ ስለምናውቅ ነው። በዚያው ርቀት፣ በዚያው 25 ዙር፣ የዓለምን ክብረ ወሰን በአንድ ጊዜ በ12.99 ሰከንድ ያሻሻለ ሰው ነበር፤ ያውም በበረዶ ላይ።

ኖርዌያዊው ዮሃን ኦላቭ ኮስ ነው። እ.ኤ.አ. የካቲት 20 ቀን 1994 በሊልሃመር የክረምት ኦሊምፒክ 10,000 ሜትሩን በሸርተቴ ጫማ በ13 ደቂቃ ከ30.55 ሰከንድ ጨረሰ። ፍጥነቱ በሰዓት 44 ኪሎሜትር ይሆናል፤ ሚኒባስ ታክሲ መንገድ ክፍት ሲሆንለት የሚሄደውን ያህል። ሞተሩ ግን የሰው ጭን ነው፣ ለ13 ደቂቃ ያላረፈ። በዚህ ስፖርት ተወዳዳሪዎች ሁለት ሁለት ሆነው እየወጡ ከሰዓት ጋር ይታገላሉ እንጂ ሁሉም አብረው አይነሡም። አብረው ቢነሡ ኖሮ ኮስ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ብር ያገኘው ሰው ገና ከ220 ሜትር በላይ ይቀረው ነበር፤ ከግማሽ ዙር ይበልጣል። ይህ ሁሉ የሆነው በስምንት ቀን ውስጥ በ5,000 እና በ1,500 ሜትርም ወርቅ ወስዶ፣ በሁለቱም የዓለምን ክብረ ወሰን ከሰበረ በኋላ ነው። ሦስት ውድድር፣ ሦስት ወርቅ፣ ሦስት ክብረ ወሰን።

እኔ ግን እነዚህን ቁጥሮች ደጋግሜ ሳስላ መጨረሻ ላይ የምመለሰው ወደ አንድ ሸሚዝ ነው።

ኮስ ከኦሊምፒኩ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1993፣ ከ30 ዓመት ጦርነት ወደወጣችው ኤርትራ ተጉዞ ነበር። አዘጋጆቹ ያቋቋሙት የኦሊምፒክ እርዳታ የተባለው የበጎ አድራጎት ሥራ አምባሳደር ሆኖ ነው የሄደው። እዚያ ልጆች ተሰብስበው ሲጫወቱ አየ። ከመካከላቸው አንዱ ከሁሉም ይበልጥ ይፈለጋል፤ ጓደኞቹ እሱን ከበው አይለቁትም። ምክንያቱን ሲጠይቅ፣ ልጁ እጅጌው ረጅም የሆነ ሸሚዝ ስላለው ነው ተባለ። ሸሚዙ ይወልቅና ይጠቀለላል፣ በሁለቱ እጅጌዎች ዙሪያውን ጠብቆ ይታሰራል፣ ኳስ ይሆናል። እጅጌ አጭር ከሆነ አይቋጠርም።

ይህን ታሪክ ያለ ማብራሪያ የሚረዳው አንባቢ ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ያረጀ ካልሲ ውስጥ ጨርቅና ፌስታል ጠቅጥቆ በሲባጎ ያሰረ፣ ሁለት ድንጋይ ጎል ብሎ ያቆመ ሁሉ ይረዳዋል። ካልሲዋን ያመጣው ልጅ ጨዋታ ባይችልም እንኳ ከቡድን እንደማይቀር እናውቃለን። ኮስ ግን ከሀብታም አገር የመጣ ሰው ነው፤ ያየው ነገር አብሮት ተመለሰ። እውነተኛ ኳስ ይዞ እንደሚመጣም ቃል ገባ።

በ1,500 ሜትር ካሸነፈ በኋላ የሽልማት ገንዘቡን፣ ወደ 30,000 ዶላር የሚጠጋውን፣ ለኦሊምፒክ እርዳታ ሰጠ። ወገኖቹንም አገራቸው ወርቅ ባገኘች ቁጥር 10 ክሮነር እንዲያዋጡ ጠየቀ። ኖርዌይ ያኔ 4.3 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ነበራት። የተሰበሰበው 18 ሚሊዮን ዶላር ሆነ። አካፍሉት፦ እሱ ከሰጠው 600 እጥፍ ነው። በገንዘቡ ሳራየቮ ላይ ሆስፒታል፣ ኤርትራ ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተሠሩ፤ ጓቲማላ፣ አፍጋኒስታንና ሊባኖስም ድርሻቸውን አገኙ።

ቃሉንም አልረሳም። የኖርዌይ ልጆች የስፖርት ዕቃ አዋጡለት፤ ከ10 ቶን በላይ በአውሮፕላን ጭኖ ኤርትራ ገባ። ጭነቱ ኳስ ብቻ አልነበረም፤ ቢሆን ኖሮ ግን፣ አንድ የእግር ኳስ ቢበዛ 450 ግራም ስለሚመዝን፣ ከ22,000 ኳስ በላይ ይሆን ነበር። በአንድ ሸሚዝ ፈንታ!

አገሩ ውስጥ ተወቀሰ። ሕዝብ ምግብ በሚቸገርበት ቦታ ኳስ ምን ይሠራል ተባለ። ጥያቄው ከባድ ነው፤ እኔም የተራበ ልጅ ባየሁ ቁጥር እጠይቀዋለሁ። ኮስ እንደሚተርከው ራሱም አፍሮ የኤርትራን መሪ ይቅርታ ሲጠይቅ፣ ያገኘው መልስ እንደ ሰው ተቆጠርን የሚል ምስጋና ነበር። ይህን መልስ አምነዋለሁ። ስንዴ የሚሰጥህ ሰው እንዳትሞት ፈልጓል፤ ኳስ የሚሰጥህ ደግሞ ልጅ መሆንህን አይቷል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፣ ሁለተኛው ግን እምብዛም አይመጣም።

የ10,000 ሜትሩ ክብረ ወሰን እ.ኤ.አ. በ1998 ናጋኖ ላይ ተሰበረ። በጎ ሥራው ግን ቀጠለ፤ ኮስ የኦሊምፒክ እርዳታን ከጊዜ በኋላ ራይት ቱ ፕሌይ የተባለ ድርጅት እንዲሆን አደረገው፤ የመጫወት መብት እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ በዚያው ስፖርት ያሸነፈው አሜሪካዊ ጆይ ቺክ የወርቁን 25,000 እና የብሩን 15,000 ዶላር አንድ ላይ ለዚሁ ድርጅት አስረከበ። ድርጅቱ በዓመት ከ2 ሚሊዮን ለሚበልጡ ልጆች የሚደርስበት ጊዜ መጣ፤ ኢትዮጵያም ከሠራባቸው አገሮች አንዷ ናት። 50 ልጅ በሚማርበት ክፍል ብናስቀምጣቸው 40,000 ክፍል ይሞላሉ። እጅ ለእጅ ተያይዘው በየአንድ ሜትሩ ቢቆሙ ሰልፉ 2,000 ኪሎሜትር ይሄዳል፤ በመኪና መንገድ ከአዲስ አበባ አስመራ ደርሶ ለመመለስ ጥቂት ነው የሚቀረው። ሸሚዙ በተቋጠረበት አገር በኩል።