ከፀጉር የቀጠነ የብር መስመር፦ የሶላር ሴል ሕትመት ልክ እንዴት ይጠበቃል?

በሲኤምሲ፣ በአያትም ሆነ በሌላ ሰፈር ጣሪያ ላይ የተተከለን ሶላር ፓነል ቀርቦ ያየ ሰው፣ በጥቁሩ ገጽ ላይ ጎን ለጎን የተሰመሩ ቀጫጭን መስመሮችን ያስተውላል። መስመሮቹ ለጌጥ የተሠሩ አይደሉም። ብርሃን ያመነጨውን ኤሌክትሪክ ሰብስበው ወደ ሽቦ የሚያደርሱ፣ ከብር ማዕድን በተዘጋጀ ቀለም የታተሙ መንገዶች ናቸው።

ጉዳዩ ለሀገራችን ሩቅ አይደለም። ቶዮ ሶላር የተባለው ኩባንያ በሐዋሳ በዓመት 2 ጊጋዋት የማምረት ዐቅም ይዞ የተነሣበት የሶላር ሴል ፋብሪካ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ለውጭ ገበያ ማምረት ጀምሯል።

ሕትመቱ ቲሸርት ላይ ጽሑፍ ከሚታተምበት የስክሪን ሕትመት ጋር በመርሕ አንድ ነው። በፍሬም በተወጠረ ረቂቅ ወንፊት ላይ ቀለም ይደረጋል፤ ላስቲክ ይገፋዋል፤ ቀለሙም ክፍት በተተወው ቅርጽ በኩል አልፎ ከሥር ባለው ሴል ላይ ያርፋል። ልዩነቱ ልኩ ላይ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ ሲሆን፣ የዘመኑ መስመሮች ስፋት ከ20 እስከ 40 ማይክሮን ብቻ ነው።

ቀለሙ ሲበዛ መስመሩ ይሰፋል፤ ብርሃንን ይጋርዳል፤ ውድ ማዕድንም ያባክናል። ሲያንስ ደግሞ መስመሩ ይሳሳል ወይም ይቋረጣል፤ የመነጨው ኤሌክትሪክም መውጫ ያጣል። አንድ ሴል 8 ዋት ገደማ ያመነጫል ብንል፣ 2 ጊጋዋት ማለት 250 ሚሊዮን ሴል ነው። በእያንዳንዱ ላይ 1 ሚሊግራም ብቻ ቢተርፍ፣ በዓመት 250 ኪሎ ግራም የብር ማዕድን ይሆናል።

ልኩን የሚወስኑት የወንፊቱ ቀዳዳና ውፍረት፣ የላስቲኩ ግፊትና ፍጥነት፣ በወንፊቱና በሴሉ መካከል ያለው ርቀት እንዲሁም የቀለሙ ውፍረት ናቸው። ቀለሙ ሲገፋ መቅጠን፣ ካረፈ በኋላ ግን መልሶ መወፈር አለበት። የክፍሉ ሙቀትና እርጥበት ሲለዋወጥ ይህ ጠባይ ስለሚዛባ፣ አየሩ ቁጥጥር ይደረግበታል። ባለሙያዎች ሴሉን ከሕትመት በፊትና በኋላ በመመዘን ያረፈውን ቀለም መጠን ያውቃሉ፤ ካሜራዎችም የተቋረጠ መስመር ይፈልጋሉ። በመጨረሻም ሴሉ ከ700 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚበልጥ ሙቀት ለሰከንዶች ሲያልፍ፣ ብሩ ከሴሉ ጋር ይጣበቃል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ያለ ምክንያት አይደለም። ፓነሉ በመስታወት ከታሸገ በኋላ የተቋረጠ መስመር አይጠገንም፤ ገዢው ግን ለሃያ ዓመታትና ከዚያም በላይ ይገለገልበታል። በሕትመት ክፍል የተፈጠረች ስሕተት፣ በጣሪያ ላይ ዕድሜ ልክ የምትከፈል ዕዳ ትሆናለች።