የመጀመሪያው ደመወዛችን ሳይደርስ ስለ ደመወዝ ግብር እንወቅ



እኛ ዕጩ መምህራን ነገ ከነገ ወዲያ ተመርቀን በየወረዳው ስንበተን፣ ከጠመኔና ከመማሪያ መጽሐፍ ቀጥሎ እጃችን የሚገባው የደመወዝ መክፈያ ወረቀት ነው። በወረቀቱ ላይ ጠቅላላ ደመወዝ፣ ግብር፣ ጡረታ፣ የተጣራ ተከፋይ የሚሉ ዓምዶች ይገኛሉ። አብዛኛው ሰው ግን የመጨረሻውን ዓምድ ብቻ አይቶ ይፈርምና ይሄዳል። በመካከል ያለው ቁጥር ከየት መጣ? ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ይህንን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን አንድ ገጠመኝ ነው። በ2018 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ከመካከላችን የአንዷ ታላቅ እህት የደመወዝ ወረቀቷን ይዛ መጣች። ደመወዟ 5,000 ብር ሲሆን የተቆረጠው ግብር 697 ብር ከ50 ሣንቲም ነበር። «ሕጉ ተሻሽሏል ይባላል፤ የኔ ግን ያው ነው፤ እስቲ እናንተ የተማራችሁ እዩልኝ» አለችን። እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያ ተያየን እንጂ መልስ አልነበረንም። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስን ልጆች አንድ የመቶኛ ሒሳብ ማስላት አቅቶን ዝም አልን። በኋላ ሠንጠረዡን ፈልገን፣ ቁጭ ብለን ሠራነው። የሆነው ነገር ቀላል ነበር፤ ግብሩ የተሰላው በቀድሞው ሠንጠረዥ ነው። ሒሳቡን በወረቀት ይዛ ሄደች፤ ሠራተኛውም አይቶ «ልክ ነው፣ ስሕተት አለ» ብሎ በሚቀጥለው ወር አስተካከለላት። ልዩነቱ 197 ብር ከ50 ሣንቲም ነው። ለአንዳንዱ ይህ ምንም አይደለም፤ ልጆች ለምታሳድግ እናት ግን ደብተርና እስክሪብቶ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንግባ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በወር እስከ 600 ብር የሚያገኘውን ሠራተኛ ከግብር ነጻ አድርጎ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ከ10 እስከ 35 በመቶ ያስከፍል ነበር። ነጻ የሆነውን ጨምሮ ሰባት እርከኖች ነበሩት። ይኸው ሠንጠረዥ ለ9 ዓመታት ሳይነካ ቆየ። በ2017 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ባጸደቀው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ግን እርከኖቹ ስድስት ሆኑ። እነሱም በወር ገቢ ሲሰሉ እንደሚከተለው ናቸው፦

እስከ 2,000 ብር — ግብር የለም
ከ2,001 እስከ 4,000 — 15 በመቶ
ከ4,001 እስከ 7,000 — 20 በመቶ
ከ7,001 እስከ 10,000 — 25 በመቶ
ከ10,001 እስከ 14,000 — 30 በመቶ
ከ14,000 በላይ — 35 በመቶ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። «ደመወዜ ቢጨመር ሌላ እርከን ውስጥ ገብቼ ጭራሽ ይቀንስብኛል» ሲባል ሰምተናል። ይህ ስሕተት ነው። ነገሩን በተርታ በተደረደሩ ገንቦዎች እንመስለው። ውኃው መጀመሪያ የሚፈሰው ወደ መጀመሪያው ገንቦ ነው፤ እሱ ሲሞላ የተረፈው ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያም ወደ ሦስተኛው ይሄዳል። ከመጀመሪያው ገንቦ ማንም አይቀዳም። ከሁለተኛው 15 በመቶ፣ ከሦስተኛው 20 በመቶ ይቀዳል። ሦስተኛው ገንቦ ላይ ደረስን ተብሎ ግን ከመጀመሪያውና ከሁለተኛው እንደ አዲስ አይቀዳም። ስለዚህ 4,000 ብር የሚያገኝ ሰው ግብሩ 300 ብር ነው፤ 4,001 ብር ቢያገኝ 300 ብር ከ20 ሣንቲም ይሆናል። ጭማሪ ያገኘ ሰው በግብሩ ምክንያት ከቀድሞው ያነሰ ይዞ ቤቱ አይገባም።

በአጭሩ ለማስላት የሚጠቅም ዘዴም አለ። ጠቅላላ ደመወዙን በደረሰበት እርከን መቶኛ አባዝቶ የተወሰነ ቁጥር መቀነስ ነው። ለ15 በመቶ 300፣ ለ20 በመቶ 500፣ ለ25 በመቶ 850፣ ለ30 በመቶ 1,350፣ ለ35 በመቶ 2,050 ብር ይቀነሳል። የእህታችንን ብንወስድ፣ የ5,000 ብር 20 በመቶ 1,000 ነው፤ 500 ሲቀነስ ግብሩ 500 ብር ይሆናል። ከዚህ ሌላ 7 በመቶ፣ ማለትም 350 ብር ለጡረታ ይቆረጣል። ጡረታው ግብር አይደለም፤ አሠሪውም 11 በመቶ ይጨምርበታል። እንግዲህ እጇ የሚገባው 4,150 ብር ነው። በድሮው ሠንጠረዥ 3,952 ብር ከ50 ሣንቲም ነበር።

የዝቅተኛ ተከፋዩን ብናይ ለውጡ ይበልጥ ግልጽ ነው። እዚሁ ቦንጋ ከተማ ውስጥ በወር 2,000 ብር የሚከፈለው የምግብ ቤት አስተናጋጅ በቀድሞው ሕግ 157 ብር ከ50 ሣንቲም ይቆረጥበት ነበር፤ አሁን ምንም አይቆረጥበትም።

ታዲያ ሕጉ ለሠራተኛው ቤተሰብ ቀልሏል ማለት ይቻላል? በአንድ በኩል አዎን። አንድ አሠሪ ብቻ ያለው ሠራተኛ ቅጽ አይሞላም፣ በየቢሮው አይንከራተትም፤ አሠሪው ቆርጦ ገቢ ያደርጋል። ይህ አሠራር በሌሎች አገሮችም የተለመደ ነው፤ እንግሊዞች በ1944 እ.ኤ.አ. ነው የጀመሩት። በአሜሪካ ግን ቆረጣው እንዳለ ሆኖ ቤተሰቡ በየዓመቱ ገቢውን የሚያሳውቅበት ሰነድ ይሞላል። ሰነዱ አድካሚ ቢሆንም ለልጆች ተብሎ ከግብሩ የሚቀነስ ገንዘብ አለ።

በሌላ በኩል የኛ ሕግ ቀላል የሆነው ቤተሰብን ስለማያይ ጭምር ነው። ግብሩ የሚታሰበው በእያንዳንዱ ሠራተኛ ላይ ነው። ባልና ሚስት እያንዳንዳቸው 5,000 ብር ቢያገኙ ሁለቱ በድምሩ 1,000 ብር ይከፍላሉ። ጎረቤታቸው ብቻውን 10,000 ብር አግኝቶ ሚስቱንና ልጆቹን ቢያስተዳድር 1,650 ብር ይከፍላል። ሁለቱም ቤት የሚገባው ጠቅላላ ገቢ እኩል 10,000 ብር ነው፤ የግብሩ ልዩነት ግን 650 ብር ነው። አንድ ልጅ ይኑረው ስድስት፣ ሠንጠረዡ አይጠይቅም።

በዚህ ነገር እኛም በመኝታ ክፍላችን ሁለት ወገን ሆነን ተከራክረናል። አንዱ ወገን «ልጅ ይቆጠር» አለ። ሌላው ወገን ደግሞ «ልጅ ሊቆጠር ከሆነ ማስረጃ ይመጣል፣ ማስረጃ ከመጣ ሰልፍ ይመጣል፤ ከገጠር የሚመጣው ሰው የልደት ምስክር ወረቀት ፍለጋ ስንት ቀን ሥራ ይፈታል?» አለ። በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ብለን ነው፦ ድሀውን ቤተሰብ ያለ ቅጽና ያለ ሰልፍ ለመርዳት አጭሩ መንገድ የመጀመሪያውን ገንቦ ማስፋት ነው። ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ መደረጉ ትክክለኛ እርምጃ ነው። ነገር ግን ዋጋ ሲወደድ ደመወዝ ትንሽ ይጨምራል፤ ደመወዝ ሲጨምር ሠራተኛው የሚገዛው ነገር ሳይበዛለት ወደ ላይኛው እርከን ይገፋል። ስለዚህ ሠንጠረዡ ዳግመኛ 9 ዓመት ባይጠብቅና በታወቀ ጊዜ ቢታይ መልካም ነው። ከግብር ነጻ የሆኑ ክፍያዎችም በአዋጅ፣ በደንብና በመመሪያ ተከፋፍለው ስለሚገኙ፣ ሁሉም በአንድ ገጽ ተጽፈው በየመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳ ላይ ቢለጠፉ ሠራተኛው መብቱንም ግዴታውንም ያውቃል።

ይህን ስንል ግብር አይከፈል ማለታችን እንዳልሆነ ይታወቅልን። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት ከክልል መንግሥት ሠራተኞች የሚሰበሰበው የሥራ ግብር የክልሉ ገቢ ነው። ካፋ ዞን ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ስለሆነ፣ በጊምቦም ሆነ በዴቻ ተመድበን ከደመወዛችን የሚቆረጠው ወደ ክልሉ ካዝና ይገባል። የመምህሩ ደመወዝ፣ የጤና ጣቢያውና የመንገዱ ወጪም የሚሸፈነው እንዲህ ካለው ገቢ ጭምር ነው። አውቆ የሚከፍል ሰው ደግሞ ገንዘቡ የት ደረሰ ብሎ ለመጠየቅ አፉ ይከፈታል።

በመጨረሻም ለሥራ ባልደረቦቻችን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በማስተማር ልምምዳችን መቶኛን ስናስተምር «አንድ ነጋዴ 20 በመቶ አተረፈ» ከማለት ይልቅ ይህን ሠንጠረዥ በሰሌዳ ላይ እንጻፍ። ተማሪው ማታ ቤቱ ሄዶ የአባቱን ወይም የእናቱን ደመወዝ ያስላ። እኛ የዚያን ዕለት ያፈርንበትን ጥያቄ እሱ በሰባተኛ ክፍል ይመልሰዋል። እስከዚያው 8,000 ብር ደመወዝ ያለው መምህር ስንት ግብር እንደሚከፍል እያንዳንዳችን እናስላ። 1,150 ብር ያላገኘ ሰው ወደ ገንቦዎቹ ይመለስ።