እንሰት ድርቅን የሚችልበት የውርስ ባሕርይና የዝርያ አያያዝ

በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሺንሺቾና በዶዮገና አካባቢ የሚሠሩ የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት «እንሰት ድርቅ ይችላል» ሲባል ዘወትር ይሰማሉ። እውነት ነው፤ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ በእንሰት የሚኖረው የደቡብ ደጋ ሕዝብ ከሰሜኑ ይልቅ ረሀቡን ተቋቁሞታል። ነገር ግን ይህ ችሎታ ከምን እንደሚመጣ ካልታወቀ ሳይታሰብ ከጓሮ ሊጠፋ ይችላል።

ዝናብ ሲቋረጥ አስቀድሞ የሚያውቀው ሥር ነው። አፈሩ ሲደርቅ አብሲሲክ አሲድ የተባለው ሆርሞን በተክሉ ውስጥ ይበዛና በቅጠሉ ላይ ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይዘጋሉ፤ በትነት የሚወጣውም ውሃ ይቀንሳል። ሆርሞኑ በራሂዎችንም (ጂኖችን) ይቀሰቅሳል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ አዛዦች ናቸው፤ ሌሎች በራሂዎችን ለሥራ ያነሣሣሉ። የታዘዙትም ሕዋሱ ውሃውን አጥብቆ እንዲይዝ የሚረዱ ስኳሮችና ፕሮሊን የተባለው ንጥረ ነገር እንዲሠሩ ያደርጋሉ። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት ከሊሊ አበባ የተገኘ አዛዥ በራሂ ወደ ሌላ ተክል ሲገባ ያ ተክል ብርድን፣ ድርቅንና ጨውን ይበልጥ እንደቻለ አሳይቷል። (ጨው የመካከለኛው አዋሽ የመስኖ እርሻ ችግር እንጂ የእኛ ደጋ ችግር አይደለም።)

እንሰት በዚህ ላይ በተደራረበው ግንዱና በአሚቾው ውሃ ያጠራቅማል። ለጋ ችግኝ ግን ይህ ስንቅ ስለሌለው በተተከለበት ዓመት በቀላሉ ይደርቃል። «እንሰት አይሞትም» ብሎ ችግኝን በበጋ መትከል ኪሳራ ነው።

ገበሬው እንሰትን የሚያባዛው በፍሬ ሳይሆን እናቱን ቆርጦ፣ ልቧን አውጥቶ፣ አፈርና ፍግ ሞልቶ ሲቀብራት ከአሚቾዋ ዙሪያ በሚወጡት ችግኞች ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ችግኝ የእናቱን በራሂዎች እንዳሉ ይዞ ይወጣል። የአንድ ዝርያ የመጨረሻው እግር ከጠፋ ያን የበራሂ ስብስብ ከገበያ ገዝቶ መመለስ አይቻልም። ማኅበራት ቶሎ የሚደርስ አንድ ዝርያ ብቻ እያባዙ ሲያከፋፍሉ ጉዳቱ ያኔ አይታይም፤ የሚታየው በክፉ ዘመን ነው።

ሌላው ዋና ጉዳይ የአጠውልግ በሽታ ነው። ባክቴሪያው በኢትዮጵያ እንሰት ላይ መኖሩ በ1968 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ ተገልጿል። የተያዘው ተክል ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ስለሚጠወልግ ድርቅ የመታው ይመስላል፤ የቅጠሉ እግር ሲቆረጥ ግን ነጣ ያለ ቢጫ ዝልግልግ ፈሳሽ ያወጣል። እንዲህ ያለው ተክል ተነቅሎ መቀበር፣ ቢላዋውም በእሳት መለብለብ አለበት። ድርቅ የሚችል ዝርያ አጠውልግን ይችላል ማለት አይደለም።

የልማት ሠራተኛው ዝርያ ሲመዘግብ በመጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው የቤቱን እመቤቶች ነው። የትኛው ለቆጮ፣ የትኛው ለቡላ፣ የትኛው ለአሚቾ እንደሚሆን፣ የትኛውም በጋውን አረንጓዴ ሆኖ እንደሚያልፍ የሚለዩት እነርሱ ናቸው። በማኅበሩ የችግኝ ጣቢያ እያንዳንዱ መደብ የዝርያው የአገር ስም፣ እናቱ የመጣችበት ቀበሌና የተቀበረችበት ወር የተጻፈበት ምልክት ይኑረው፤ ከየዝርያውም ጥቂት እግር ሳይሸጥ ይቆይ።