«ደረቅ» የወይን ጠጅ

በጋምቤላ ከተማ መሃል የባሮን ዓሣ ወጥ ያዘዘ ሰው፣ ዋጋው የማይከብድ የወይን ጠጅ ሲመርጥ «ደረቅ» የሚል ጽሑፍ ቢያነብ ምን ይረዳል? የጠጅ ቤቱ «ደረቅ» ጣፋጭነቱም የቀነሰ ቢሆን፣ ጠጪው በቃሉ የሚረዳው ኃይለኛነቱን ነው። የወይን ጠጁ «ደረቅ»፣ ይኸውም የፈረንሳይኛው «ሴክ» ትርጉም፣ ስኳሩ ተብላልቶ ወደ አልኮል መለወጡን እንጂ ኃይልን አያመለክትም፤ ፖርቶ 20 ከመቶ ያህል አልኮል ይዞ ጣፋጭ ነው።

«ያልጣፈጠ» እንዳንል፣ «ጣፋጭ» በአማርኛ ጥሩ ጣዕም ያለውም ነውና የማይጥም መጠጥ ማን ይገዛል? «ስኳር አልባ»ም ልክ አይደለም፤ በሊትር ጥቂት ግራም ይቀራል። «ስኳረ ጥቂት» ለጆሮ እንግዳ ቢሆንም አያሳስትም። እንግዲህ ጉደር ስኳረ ጥቂት፣ አክሱማይት ጣፋጭ ይባላሉ፤ የወጡን በርበሬ የሚያለዝበው ሁለተኛው ነው።